አርባ ሰባተኛው ካርድ

ባለፈው ማክሰኞ ከመገናኛ ወደ የካ አባዶ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ወጣት አጠገቤ ተቀመጠች። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ሁላችንም በመቆም ደክሞናል፤ ረዳቱ ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር ላይ አራተኛ ሰው እያስጠጋ «ትንሽ ጠጋ በሉ፣ ሁሉም ቤቱ ነው የሚገባው» ይላል። ልጅቷ በዚያ ጥበት ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ ታወራለች። የሰው ወሬ ማዳመጥ አልወድም፤ ግን ክንዷ ክንዴን እየነካ እንዴት አድርጌ ልተወው። «ኦፕቲማይዜሽኑ ይሆናል፤ እሱን አጥፋውና እንደገና ኮምፓይል አድርገው» አለች። ከወዲያ ያለው ሰው አንድ ነገር ጠየቃት መሰለኝ፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔ? እኔ ምንም አልነካሁም።»

ኮምፓይል የሚለውን ቃል ከሰማሁ ስንት ዘመኔ። ያስደነገጠኝ ግን ቃሉ ሳይሆን ድምጿ ነው። ሰው ያላደረገውን ነገር አላደረግሁም ሲልና ያደረገውን አላደረግሁም ሲል ድምፁ አንድ አይደለም። ሁለተኛውን ድምፅ አውቀዋለሁ። በልጅነቴ ከገዛ አፌ ወጥቶ፣ አንድ ደግ ሰው በቀበሌ እስር ቤት ወለል ላይ አራት ሌሊት አሳድሯል።

ያን ጊዜ የቀበናን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ውስጥ ገባ ባለ የድንጋይ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ቤቱ የድሮ ባላባት መኖሪያ ነበር ይባላል፤ እኔ ስደርስ ግን በሩ ላይ ቀይ መፈክር ተሰቅሎበት፣ ግቢው በላንድሮቨር ተሞልቶ፣ ለገጠር ጣቢያዎች ምርጥ ዘር የሚያከፋፍል መሥሪያ ቤት ሆኗል። ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። ሴቱ የቴትሮን ቀሚስ፣ ወንዱ የካኪ ሰፋሪ የሚለብስበት፣ ስኳርና ሳሙና በሰልፍ የሚገኝበት፣ ሬዲዮ ጠዋት ጠዋት በሰልፍ ዘፈን የሚቀሰቅስበት ዘመን እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። ዳቦ አሥር ሳንቲም፣ አውቶቡስ አሥራ አምስት ነበር። እኔ የአውቶቡሱን በዳቦ ለውጬ፣ ከፈረንሳይ በላይ እንጦጦ ግርጌ ካለው ቤታችን እስከ ቀበና በእግሬ እወርዳለሁ። ነጭ ሸራ ጫማዬን ቅዳሜ ቅዳሜ አጥቤ በጠመኔ አነጣዋለሁ፤ ሰኞ ቀበና ስደርስ ግን የእንጦጦ ቀይ አፈር እስከ ማሰሪያው ወጥቶበታል። ድልድዩ ጫፍ ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበረ፤ ባለቤቱ በሩን ሲከፍት ሁልጊዜ አንድ የክራር ዘፈን ያስቀድማል፤ እኔም ዘፈኑ ሳያልቅ ግቢው ከገባሁ አልረፈደብኝም ማለት ነው። ሰዓት አልነበረኝም። አሁን በዚያ ሳልፍ መንገዱ ሰፍቶ፣ የድንጋዩ ቤት ፈርሶ፣ በቦታው ፊቱ ሁሉ መስታወት የሆነ ሕንፃ ቆሟል። የወንዙ ድምፅ ብቻ ያው ነው፤ እሱም መኪናው ሲያፋታው።

ሥራዬ ካርድ መብሳት ነበር። ለዛሬ ልጆች እንዴት ብዬ ላስረዳ። ኮምፒዩተር ያን ጊዜ አንድ ሙሉ ክፍል የሚይዝ ብረት ሲሆን፣ ሰው የሚለውን የሚሰማው በካርድ ነው። ካርዱ የፖስታ መጠን ያለው ጠንካራ ወረቀት ነው፤ እኔ ታይፕ በመሰለ ማሽን ቁልፉን ስመታ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቀዳዳ ይበሳል። አንድ መስመር ትእዛዝ፣ አንድ ካርድ። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልጅ ስለሆንኩ የምበሳው ነገር ትርጉሙ ብዙም አይገባኝም ነበር። ቀዳዳውን ግን በቃሌ ያዝኩት። የማሽኔ ሪባን አልቆ፣ ሌላ ከውጭ እስኪመጣ ወራት ስለፈጀ፣ ካርዱ አናት ላይ መታተም የነበረበት ፊደል አይታተምም። ስለዚህ ካርዱን ወደ መስኮት አንስቼ በብርሃን ማንበብ ለመድኩ፤ ኋላ ኋላ ጣቴን ሳስኬድበት ብቻ ምን እንደሚል አውቅ ጀመር። ሰው ፊት መናገር ለማልችለው ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ካለው ዘበኛ ጋር እንኳ አንገቴን ደፍቼ ነው የምተላለፈው። የካርድ ክፍል ኃላፊያችን እትዬ በላይነሽ «ይቺ ልጅ ለካርዶቹ ትናገራለች፤ ለእኛ ተርፏት አያውቅም» እያሉ ያስቁብኛል።

የተበላሸ ካርድ ወደ ቤት መውሰድ የክፍላችን ልማድ ነበር፤ ማንም አይከለክልም። አንዷ የዘፈን ግጥም ከሬዲዮ እየሰማች ትገለብጥበታለች፣ ሌላዋ የልብስ ጥለት ትሥልበታለች። እናቴ ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክማ እያወረደች የምታሳድገን ሴት ነበረች፤ እሷ ካርዱን እሳት ታቀጣጥልበታለች። የተረፈውን ደግሞ ነፋስ በስንጥቁ እንዳይገባ በዱቄት ሙጫ የጭቃው ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች። ከአልጋችን በላይ ያለው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ካርድ ነበር። የሰማያዊ ጋዋኔ ግራ ኪስ የተበላሹ ካርዶች ኪስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እጠራቅምበታለሁ፣ ማታ ለእናቴ እዘረግፍላታለሁ።

የምንበሳው የጋሽ ኃይሉን ጽሑፍ ነበር። ጋሽ ኃይሉ ፕሮግራመር ናቸው። ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ፣ ክርኑ የተጣፈ ቡናማ ሹራብ የማይለያቸው፣ በዚያ ሁሉ ሰው የሚቆጣበት ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ለየትኛው ጣቢያ ስንት ኩንታል ዘር ይላክ የሚለውን የሚያሰላ ፕሮግራም ጻፉ፤ አምስት ጥቅል ካርድ ሆነ፣ እያንዳንዱ በላስቲክ የታሰረ። እሳቸው የጻፉትን እኔ የበሳሁት «የሰው ካርድ» ይባላል። ማሽኑ ያን አንብቦ ወደ ራሱ ቋንቋ ሲተረጉመው ኮምፓይል አደረገ እንላለን፤ የተረጎመውንም በሌላ ካርድ በስቶ ያወጣል፤ ያ «የማሽን ካርድ» ነው። በመጨረሻ አምስቱ የማሽን ጥቅሎች ባንድ ላይ ተያይዘው ወደ ሥራ ይገባሉ። መተርጎሙ ጊዜ ይፈጃል፤ ማሽኑ ደግሞ እኛ ግቢ ይኑር እንጂ የእኛ ብቻ አልነበረም፣ ለእኛ የሚደርሰን ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ጋሽ ኃይሉ አንድ ሥርዓት አወጡ። ከሰው ካርድ ጥቅል ውስጥ አንዲት ካርድ የነካ ሰው የጥቅሉን አናት በቀይ እርሳስ ያሰምራል። ሐሙስ ሲደርስ ቀይ ያለበት ጥቅል ብቻ እንደገና ይተረጎማል፤ ቀይ የሌለው ያልተነካ ነውና የድሮው የማሽን ካርዱ ይሠራል። ቀይ እርሳሱ በክር ታስሮ ጠረጴዛው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ከሦስተኛው ጥቅል አንዷን ካርድ አሳዩኝና «ይህቺ ሰሌዳ መጥረጊያ ናት» አሉኝ። «ማሽኑ አንዱን ጣቢያ ቆጥሮ ሲጨርስ፣ ወደሚቀጥለው ከመሄዱ በፊት ድምሩን ወደ ዜሮ ትመልስለታለች።» እንዲህ የምንበሳውን የሚያስረዳን ሌላ ሰው አልነበረም።

ዝናብ እየቀረበ ሲመጣ ነው የኦፕት፣ ያቺ ልጅ ኦፕቲማይዜሽን ያለችው ነገር የተነሳው። በአንድ ሐሙስ ፕሮግራሙ ሥራውን ሳይጨርስ ሰዓታችን አለቀና ባለተራዎቹ አስወጡን። ጋሽ ኃይሉ ወደ ካርድ ክፍል መጥተው ከጥቅሎቹ ሁሉ ፊት ከምትገባው የትእዛዝ ካርድ ላይ ኦፕት ዜሮ የሚለውን ኦፕት ሁለት ብዬ እንድበሳው ነገሩኝ። ግራ እንደገባኝ አይተው ወንበር ሳቡ።

«ሙሉ፣ እናትሽ ከእንጦጦ ቅጠል ይዘው ሲወርዱ በየት ነው የሚመጡት?»

ሰው መሀል ስለ እናቴ ሸክም ስጠየቅ አፍሬ ጣቶቼን አየሁ። «በመኪናው መንገድ» አልኩ። «አንዳንዴ በወንዙ ታቋርጣለች።»

«በቃ ይኸው ነው። ኦፕት ዜሮ ካልሽው ማሽኑ በመኪናው መንገድ ዞሮ ይመጣል፤ የተባለውን እንደተባለ፣ አንድ እርምጃ ሳይዘል። ኦፕት ሁለት ካልሽው ያቋርጣል። ሁለቴ የሚመላለስበትን ባንዴ ያመጣል፤ ደጋግሞ የሚያሰላውን አንዴ አስልቶ በእጁ ይይዛል። ሲተረጉም ትንሽ ይቆይብናል እንጂ ሥራው ይፈጥናል። ቅጠሉ ያው ቅጠል ነው።»

«ወንዙ ቢሞላስ?» አልኩ ሳላስበው።

ጋሽ ኃይሉ ሳቁ። «ጎሽ። ኮምፓይለሩ፣ ተርጓሚው ማለቴ ነው፣ ከመሻገሩ በፊት ያያል። ሞልቶ ከሆነ አያቋርጥም።»

እትዬ በላይነሽ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «አቶ ኃይሉ፣ እኔ እንደሁ በዚህ ጊዜ በመኪናው መንገድ ብሄድ እመርጣለሁ» አሉ።  «በዚህ ጊዜ» ሲሉ ስለ ዝናቡ እንዳልሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ያኔ አንድ ነገር ሲበላሽ ተበላሸ አይባልም፤ አሻጥር ይባላል፤ አሻጥር ከተባለ ደግሞ የሠራው ሰው ይፈለጋል።

ከዚያ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ምን እንደሆነ ልናገር። ሦስተኛውን ጥቅል ስደረድር አንዷን ካርድ ጥጓ ተቀዶ አገኘኋት። እንዲህ ያለች ካርድ ማሽኑ ጉሮሮ ላይ ትሰነቀራለች፤ ስለዚህ መዝዤ አወጣኋት፤ ልክ እሷን የምትመስል ሌላ ልበሳ ብዬ። ይህን ጊዜ ኮሪደሩ ላይ «ስኳር መጣ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ለሠራተኛው ስኳር ሲመጣ መጀመሪያ የደረሰ ያገኛል፣ ሌላው ባዶ እጁን ይመለሳል። ማሽኑ ሁሉ ባንዴ ጸጥ አለ፤ እትዬ በላይነሽ ራሳቸው ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ሮጡ። እኔም ካርዷን ግራ ኪሴ ውስጥ ጨምሬ ሮጥኩ። ሁለት ኪሎ ስኳር ይዤ ስመለስ በደስታ ልቤ ጠፍቷል። ጥቅሉን በላስቲክ አስሬ መደርደሪያ ላይ መለስኩት። ቀይ እርሳስ የምናሰምረው በስተመጨረሻ፣ አዲሷን ካርድ ስናስገባ ነው። አዲስ ካርድ አላስገባሁም፤ አላሰመርኩምም። ጥቅሉ ላይ ቀይ ስለሌለ በቀጣዮቹ ሐሙሶች የድሮው የማሽን ካርድ ሠራ፤ ምንም የጎደለ ነገር አልታየም።

ኦፕት ሁለት በገባበት ሐሙስ ግን ኦፕቱ ስለተለወጠ አምስቱም ጥቅሎች ቀይ ኖራቸው አልኖራቸው እንደ አዲስ ተተረጎሙ። ማሽኑ ሥራውን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨረሰ። የሚታተመው ወረቀት እንደ ቀበና ውሃ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ጋሽ ኃይሉ ለሁላችንም ቦምቦሊኖ ገዙልን፤ ባለ ሃያ አምስት ሳንቲሟን፣ ትልቋን። እትዬ በላይነሽም «ይሁን፣ ወንዙ አልሞላም» ብለው ጣታቸው ላይ የቀረውን ስኳር ላሱ።

አርብ ጠዋት የድርጅቱ ኃላፊ ጓድ መኮንን ሁለት ካኪ የለበሱ ሰዎች አስከትለው የካርድ ክፍሉን በር ከፈቱ። ጓድ መኮንን ሲቆጡ ይቀላሉ፤ ያን ቀን ግን ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ዝርዝሩን ጠረጴዛ ላይ ጣሉት። የመጀመሪያው ጣቢያ ልክ ነው። ሁለተኛው የራሱንና የመጀመሪያውን ደርቦ ወስዷል። ሦስተኛው የሦስቱንም። እንዲህ እያበጠ ሄዶ መጋዘኑ ከዝርዝሩ መሀል ሳይደርስ አለቀ፤ ከዚያ በታች ላሉት ጣቢያዎች ሁሉ የተጻፈው ዜሮ ነው። ካሚዮኖቹ ደግሞ በዚያው ዝርዝር ግማሽ ተጭነዋል።

«ማሽኑን አሳጥር ብሎ ያዘዘው ማን ነው?» አሉ ጓድ መኮንን።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ኃይሉ። ወረቀቱን አንስተው ረጅም ጊዜ አዩት። «ይህ ግን የማሳጠር ጥፋት አይመስልም። አንድ ነገር የጎደለ ነው የሚመስለው።» ከዚያ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። ዐይናቸው ውስጥ ጥርጣሬ አልነበረም፤ ሰዓት ስንት ነው ብለው እንደሚጠይቁ ነበር የጠየቁኝ። «ሙሉ፣ ሦስተኛውን ጥቅል የነካ ሰው አለ?»

በዚያች ቅጽበት ሁሉ ነገር ትዝ አለኝ። የተቀደደችው ጥግ፣ የስኳሩ ሰልፍ፣ ግራ ኪሴ። ካኪ የለበሱት ሰዎች አዩኝ፣ ጓድ መኮንን አዩኝ፣ የክፍሉ ልጆች አዩኝ። 

«የለም» አልኩ። «ማንም አልነካውም።»

ጋሽ ኃይሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሙሉ የለም ካለች የለም። እንግዲያው ኦፕቱ ነው። የማውቅ የመሰለኝ እኔ ነኝ።» ሹራባቸውን ከወንበሩ ላይ አንስተው ለበሱና ከሰዎቹ ጋር ወጡ። የሰው ካርዶቹን እንዲያዩ፣ ጥቅሉን እንዲፈቱ እንኳ ጊዜ አልሰጧቸውም።

ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ነበር የምንሠራው። ጠዋት የጋሽ ኃይሉ ባለቤት ምሳ ዕቃ በነጠላ ጠቅልላ ወደ ቀበሌው ስትሄድ በመስኮት አየኋት፤ ካሴት ቤቱ ጋ ስትደርስ ምሳ ዕቃውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው ለወጠች። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ሦስተኛውን ጥቅል ፈታሁ። እያንዳንዱ ካርድ ጫፉ ላይ ተራ ቁጥሩ ይበሳል። ጣቴን አስኬድኩ፤ አርባ አምስት፣ አርባ ስድስት፣ አርባ ስምንት። ቁጥር መዝለል ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ጋሽ ኃይሉ ራሳቸው የማይፈልጉትን ካርድ ሲያወጡ ቁጥር ይዘለላል። አዲስ ካርድ በስቼ ላስገባ ብል ደግሞ ከአለቃዋ ጋር ተማክራ አሁን ሠራችው ይላሉ። የምትመሰክረው ራሷ ካርዷ ናት። እትዬ በላይነሽ ጋዋናቸውን ሊሰቅሉ ሲመለሱ ጥቅሉን እጄ ላይ አዩት፤ ምንም አላሉም። በሩ ላይ ሲደርሱ ብቻ «ሰኞ ከስብሰባው በኋላ ጉዳዩ ወደ ላይ ይተላለፋል አሉ» ብለው ሄዱ። ወደ ላይ የተላለፈ ጉዳይ ተመልሶ ሲወርድ አይቼ አላውቅም።

ያን ቅዳሜ ከቀበና እስከ ፈረንሳይ ሽቅብ በሩጫ ነው የወጣሁት። እናቴ ደጃፍ ላይ ቅጠል ታስራለች። ሰላም ሳልላት ገብቼ አልጋውን ከግድግዳው ሳብኩት።

«ምን ጠፋሽ?» አለች ከኋላዬ።

«ካርድ።»

«ካርድማ ግድግዳው ሁሉ ካርድ አይደለም እንዴ?»

«አንዲት ናት የምፈልገው። ስኳር ያመጣሁ ቀን ኪሴ ውስጥ የነበረች።»

እናቴ ገመዱን ለቀቀችው። «የዚያን ቀኑን ግማሹን አንድጄበታለሁ፣ ሙሉ። እርጥብ ነበር ቅጠሉ።»

ምድጃውን አየሁ፤ አመድ ነው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞርኩና ከላይ ከግራ ጀመርኩ። የተለጠፈ ካርድ ብርሃን አያሳልፍም፤ ጭቃና ሙጫ ቀዳዳውን ሞልቶታል። ስለዚህ በጣቴ ነበር የማነበው፤ ሙጫውን በጥፍሬ እየፋቅሁ ተራ ቁጥሩን እፈልጋለሁ። የአምና ካርዶች፣ የሌሎች ፕሮግራሞች ካርዶች፣ እጄ ገና ሳይፈታ ያበላሸኋቸው ካርዶች፤ የሠራሁት ስሕተት ሁሉ ግድግዳው ላይ ተሰልፎ ጠብቆኛል። እናቴ ለምን እንደሆነ ስነግራት ከወገቧ ቀና ሳትል ሰማችኝ።

«ዝም ብትዪስ?» አለች።

«እሳቸውን ይወስዷቸዋል።»

«ብትናገሪ ደግሞ አንቺን ይወስዱሻል።»

ሙጫውን መፋቄን ቀጠልኩ። «ሰውየው ልጆች አሉት?» አለች።

«ሁለት።»

ተነስታ ለብ ያለ ውሃ በጣሳ፣ ከውሃው ጋር ቢላዋ አመጣችልኝ። እሁድ ከቅዳሴ ስትመለስ እኔ ከአልጋው እግርጌ ደርሼ ነበር። ካርዷ እዚያ ነበረች፤ በበሩ በኩል፣ ከታች ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ የተቀደደው ጥጓ በሙጫ ተጣብቆ። ቁጥሯን ሦስት ጊዜ በጣቴ ቆጠርኩ። እናቴ ዙሪያውን በውሃ አራሰችው፣ እኔ በቢላዋ ቆርጬ አነሳኋት። ከጀርባዋ ቁራጭ ጭቃ ተከትሏት መጣ፤ አላላቅቀውም ብዬ ከጭቃው ጋር በጨርቅ ጠቀለልኳት።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው ሁሉ የሚገኝበት የውይይት ክበብ በአዳራሹ ተሰበሰበ። መስኮቶቹ ወደ እንጦጦ ያያሉ፤ ተራራው ላይ ጥቁር ደመና ተቀምጧል። ጓድ መኮንን ረጅም ንግግር አደረጉ። ገበሬው፣ ዘሩ፣ የማሽኑን ሥራ ሆን ብሎ ያሳጠረ እጅ። እትዬ በላይነሽ ተነስተው «አቶ ኃይሉ ለሥራው ብለው ነው» አሉ፤ «ለማን ሥራ?» ሲባሉ ተቀመጡ። ከዚያ «ሌላ አስተያየት ያለው ጓድ?» ተባለ። ይህ ጥያቄ የስብሰባው ማብቂያ ነው፤ መልስ የሰጠበት ሰው የለም። እጄን አነሳሁ። መነሳቱን ያወቅሁት ከፊቴ የተቀመጡት ሰዎች ዞረው ሲያዩኝ ነው።

ብድግ ስል ድምፅ አልወጣኝም።  ከኋላ አንድ ሰው ሲስቅ ሰማሁ። ስለዚህ እግሬን አስቀደምኩ፤ ወደ ፊት ሄጄ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ጓድ መኮንን።

«ካርድ ነው።»

«ጭቃውን ነው የምጠይቅሽ።»

«የቤታችን ግድግዳ ነው» አልኩ። አዳራሹ ሳቀ፤ ሳቁ እንደምንም አናገረኝ። «በሦስተኛው ጥቅል ውስጥ ከአርባ ስድስት ቀጥሎ አርባ ስምንት ነው። አርባ ሰባት ይኸው። እኔ ነኝ ያወጣኋት። ልቀይራት ነበር፤ ስኳር መጣ ተባለና ኪሴ ውስጥ ረሳኋት። ቀይ አላሰመርኩም። አርብ ጋሽ ኃይሉ ሲጠይቁኝ ዋሸሁ።»

«ምን ትላለች ካርዷ?» አሉ ጓድ መኮንን።

በጥፍሬ ጭቃውን ከቀዳዳዎቹ አወጣሁና ካርዷን ወደ መስኮቱ አነሳኋት።  «ኤስ፣ ዩ፣ ኤም፣ እኩል ነው፣ ዜሮ» ብዬ አነበብኩ። «ድምሩን ዜሮ አድርግ ማለት ነው፤ ሰሌዳ መጥረጊያ ናት። እሷ ከሌለች ማሽኑ የአንዱን ጣቢያ በሌላው ላይ እየደረበ ይሄዳል። ማሳጠሩ ምንም አላጠፋም።»

ጓድ መኮንን ካርዷን ተቀብለው እሳቸውም ወደ መስኮቱ አነሷት፤ ማንበብ ግን አልቻሉም። አለመቻላቸውን እንዳየሁም አወቁብኝ። «ነገ ይሞከር» አሉ በመጨረሻ። «ካልተስተካከለ ሁለታችሁም ትጠየቃላችሁ።»

በማግስቱ የሌላ መሥሪያ ቤት ተራ ተለምኖ ማሽኑ ተሰጠን። ጋሽ ኃይሉን አንድ ታጣቂ ይዟቸው መጣ፤ ያው ሹራብ፣ ጢማቸው አድጎ። አርባ ሰባትን በአዲስ ካርድ በስቼ ከቦታዋ አስገባሁ፤ ቀይም አሰመርኩ።  የትእዛዝ ካርዷ ላይ ስደርስ ቆምኩ። «ኦፕቱን ወደ ዜሮ ልመልሰው?» አልኳቸው በሹክሹክታ። ብንፈራ የሚያስፈርድብን አልነበረም፤ በመኪናው መንገድ መሄድ እንችል ነበር።

«ተዪው» አሉ። «እሱ ምን አጠፋ።»

ማሽኑ ካርዶቹን መዋጥ ጀመረ። አንደኛው ጥቅል፣ ሁለተኛው። ሦስተኛው ሲገባ የጣራው መብራት አንዴ ድርግም አለና ተመለሰ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀምሯል፤ ካሚዮኖቹ ሸራ ለብሰው ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ማተሚያው ሲነሳ ጓድ መኮንን ወረቀቱን ከእጄ ሊነጥቁ ደረሱ። የመጀመሪያው ጣቢያ ልክ ነው። ሁለተኛው ልክ ነው። እሳቸው ከላይ እየቆጠሩ ሲወርዱ ጋሽ ኃይሉ ግን የታጠፈውን ወረቀት ገልብጠው መጨረሻውን ገጽ ፈለጉ። ታች ላይ፣ የመጨረሻው ጣቢያ አጠገብ፣ ዜሮ አልነበረም። ጋሽ ኃይሉ ቁጥሩን አይተው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፤ ታጣቂው ደንግጦ ሊያነሳቸው ጎንበስ አለ።

ካሚዮኖቹ በአዲሱ ዝርዝር ተጭነው በዚያው ቀን ወጡ፤ ጋሽ ኃይሉም ተፈቱ። እኔ በዝርክርክነት ተገሥጬ ለአንድ ዓመት ወደ ጽዳት ተዛወርኩ። እትዬ በላይነሽ መወልወያውን ሲያስረክቡኝ «ይህን ካልበሳሽው ደህና ነሽ» አሉኝ፤ ግን ሲያልፉ ትከሻዬን ጨበጥ አደረጉኝ። ጋሽ ኃይሉ ብዙ ቀን አላናገሩኝም። አንድ ጠዋት የማሽን ክፍሉን ኮሪደር ስወለውል መጥተው ደረቁ ላይ ቆሙ።

«አራት ሌሊት ስለ ኦፕቱ ሳስብ አደርኩ» አሉ። «እያንዳንዱን ካርድ በልቤ አነበብኩ፤ ኮምፓይለሩን ጠረጠርኩ፣ ማሽኑን ጠረጠርኩ፣ የተማርኩትን ጠረጠርኩ። አንቺን አንዴም አልጠረጠርኩም።»

ከግሣጼው ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያመኝ ይህ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ፤ ከኪሳቸው ያንን ቀይ እርሳስ አወጡ፤ ክሩ ገና አልተፈታም። የጋዋኔ ግራ ኪስ ውስጥ አስገቡልኝና ያልደረቀውን ወለል በጥንቃቄ ዞረው ሄዱ።

ስልኳን ስትዘጋ ይህን ሁሉ ለዚያች ልጅ ነገርኳት፤ እኔ፣ በታክሲ ውስጥ «ወራጅ» ለማለት እንኳ የምፈራው። መንገዱ ተዘግቶ አያት አካባቢ ቆመን ነበርና ጊዜ ነበረን። ላፕቶፗን ሳትዘጋ ነው የሰማችኝ።

«እማማ፣ እርሳሱ አሁንም አለ?» አለችኝ።

«የልጅ ልጆቼ ሥዕል ሲሥሉበት አለቀ» አልኳት። «አንቺስ ምን ነበር የነካሽው?»

አንገቷን ደፋች። «አንድ መስመር ናት። የማታስፈልግ መስሎኝ አጠፋኋት። ስልክ ላይ የነበረው ጓደኛዬ ከጠዋት ጀምሮ እየፈለገ ነው፤ አለቃው ነገ ያባርረኛል ብሎ ፈርቷል።» ከዚያ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ጣቶቿን ቁልፉ ላይ አድርጋ አጭር ነገር ጻፈች። ለማንበብ አንገቴን አሰገግሁ፤ ቀዳዳ የሌለው ጽሑፍ ስለሆነ አልቻልኩም። ለመላክ የተዘጋጀችው ጣቷ ግን አየር ላይ ቆማ ስትቀር አየሁ። እሷን ለማንበብ ብርሃን አላስፈለገኝም።

ጠበቅኋት። ተጫነችው።